ሙን ክሊፕ፣ ስፒድ ሎደር ወይስ በእጅ? የትልቅ ካሊበር ሪቮልቨር አጎራረስ ምርጫ

የሪቮልቨር፣ ማለትም ጥይቶቹ በሚሽከረከር ሲሊንደር ውስጥ የሚቀመጡበት ሽጉጥ፣ ውድድር ላይ ነበርኩ። ስድስቱን ተኮስኩ፣ ሲሊንደሩን ከፈትኩ፣ ባዶዎቹን ቀለሆች አራገፍኩ፣ አዲሶቹን ስድስት ጥይቶች አጎረስኩና ዘጋሁ። ቃታውን ስስብ ግን ጣቴ ድንጋይ የሚገፋ መሰለኝ። ሲሊንደሩ ትንሽ ዞረና ቆመ። ሽጉጡ ደህና ነበር። ጥይቶቹም ደህና ነበሩ። ጥፋቱ ስድስቱን ጥይቶች አንድ ላይ የያዘችው ቀጭን ብረት ላይ ነበር። ጠዋት ከእጄ ወድቃ ረግጫት ነበር። አንስቼ አቧራዋን ጠረግኩና ኪሴ ከተትኳት። መጣመሟን ግን አላየሁም።

ይህች ቀጭን ብረት ሙን ክሊፕ ትባላለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙን ክሊፕን እንደ ተጨማሪ ዕቃ ማየት ተውኩ። ሙን ክሊፕ የሽጉጡ አንድ ክፍል ነው። ቃታውንና መርፌውን የምትመረምሩትን ያህል እሱንም መመርመር አለባችሁ። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የማነጻጽረው በዚህ ዓይን ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “የትኛው ይፈጥናል?” ብሎ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ “ጥይቴ የትኛው ነው?” ብላችሁ ጠይቁ እላለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከቀለሁ ከንፈር ነው

ለሪቮልቨር ተብለው የተሠሩ ጥይቶች፣ ለምሳሌ .357 ማግነም፣ .44 ማግነምና .45 ኮልት፣ ከቀለሁ ታች ወጣ ያለ ከንፈር አላቸው። ይህ ከንፈር ሁለት ሥራ ይሠራል። ጥይቱ ቀዳዳው ውስጥ እንዳይሰምጥ ይይዘዋል። ከተተኮሰ በኋላ ደግሞ ኮከብ የሚመስለው ማውጫ ከንፈሩን ከሥር ገፍቶ ቀለሁን ያስወጣል።

.45 ኤሲፒ ግን የተሠራው ለአውቶማቲክ ሽጉጥ ነው። ከካዝና እየተገፋ ስለሚገባ የወጣ ከንፈር አያስፈልገውም። በምትኩ ከታች ዙሪያውን የተቆረጠ ቦይ አለው። ይህን ጥይት ሪቮልቨር ውስጥ ስትከቱት ማውጫው የሚይዘው ነገር ያጣል። ጥይቱ ይተኮስ ይሆናል፣ ቀለሁ ግን እዚያው ቁጭ ይላል።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ ይህ ችግር በተግባር መጣ። ኤም1911 የተባለው አውቶማቲክ ሽጉጥ ለሠራዊቱ አልዳረስ አለ። ኮልት እና ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ትልልቅ ሪቮልቨሮቻቸውን ለ.45 ኤሲፒ እንዲያስማሙ ተጠየቁ። መፍትሔውን ያመጣው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ነበር፤ ሦስት ጥይት ከቦያቸው ይዞ የሚያቆም ግማሽ ክብ ብረት። ሁለቱን ብረቶች ጎን ለጎን ስታስገቡ ስድስት ጥይት ይሞላል። ማውጫው ብረቱን ሲገፋ ብረቱ ቀለሆቹን ይዞ ይወጣል። ሁለቱም ሽጉጦች ኤም1917 ተባሉ።

እዚህ ላይ አሮጌ ኤም1917 ያላችሁ ልብ በሉ። የመጀመሪያዎቹ የኮልት ሲሊንደሮች ቀዳዳቸው ከጫፍ ጫፍ ቀጥ ያለ ነበር። ያለ ክሊፕ ስትከቱት ጥይቱ ወደ ፊት ይሰምጥና መርፌው አይደርስበትም። የስሚዝ ኤንድ ዌሰኑ ግን ከመነሻው ውስጡ ደረጃ ነበረው። የቀለሁ አፍ እዚያ ደረጃ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ክሊፕ ቢጠፋም ይተኩሳል፤ ባዶውን ቀለህ ግን በእንጨት ወይም በእርሳስ ከፊት እየገፋችሁ ማውጣት ነው። ኮልትም ኋላ ላይ ደረጃውን ጨመረ።

ግማሽ ጨረቃ ወይስ ሙሉ ጨረቃ?

ሙን ማለት ጨረቃ ነው፤ ስሙ ራሱ ይነግራችኋል። ግማሹ ሦስት ጥይት ይይዛል፣ ሙሉው ስድስት። ሁለት ሁለት ጥይት የሚይዙ ትንንሾችም አሉ።

ለፍጥነት ከሆነ ሙሉ ጨረቃን የሚያህል የለም። ስድስቱም አንድ ላይ ይገባሉ፣ ስድስቱም አንድ ላይ ይወጣሉ። የሚጠመዘዝ ወይም የሚጫን ነገር የለም። አሜሪካዊው የሪቮልቨር ተኳሽ ጄሪ ሚኩሌክ እ.ኤ.አ. በ1999 ስድስት ተኩሶ፣ አጉርሶ፣ እንደገና ስድስት ሲተኩስ የፈጀበት ጊዜ 2.99 ሰከንድ ነበር። የተጠቀመው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 625 ነበር፣ በ.45 ኤሲፒ፣ በሙሉ ጨረቃ ክሊፕ። እኔና እናንተ እዚያ አንደርስም። ግን መንገዱ ያው አንድ መንገድ ነው።

.45 ኤሲፒ ለዚህ የተመቸበት ምክንያት አለ። ቀለሁ አጭር ነው፣ ወደ 22.8 ሚሊሜትር ብቻ። የማውጫው ዘንግ አንዴ ሲገፋ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። የ.44 ማግነም ቀለህ ግን ከ32 ሚሊሜትር በላይ ስለሆነ ዘንጉ ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው አያወጣውም። አፈሙዙን ወደ ላይ ካላቆማችሁና ዘንጉን ጠንከር አድርጋችሁ ካልመታችሁት አንዱ ቀለህ ጫፉ ላይ ይቀርባችኋል። ደግሞም ክብ አናት ያለው የ.45 አረር ቀዳዳውን ራሱ ፈልጎ ይገባል። አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ አረር ጠርዙ የቀዳዳውን አፍ ይነካና ይይዛል። ብዙዎች ክሊፑን ይወቅሳሉ፤ ችግሩ ግን የአረሩ ቅርጽ ነው።

ሙሉ ጨረቃ አንድ ድክመት አለው። ሁለት ብቻ ተኩሳችሁ መሙላት ብትፈልጉ ያልተተኮሱት አራቱም አብረው ይወጣሉ። ግማሽ ጨረቃ እዚህ ላይ ይሻላል። ሦስቱን ብቻ ማውጣት ትችላላችሁ። ኪስ ውስጥም ጠፍጣፋ ስለሆነ አይቆረቁርም። በእጅ ለመሙላትና ለማውለቅም ከሙሉው ይቀላል። ግን ሁለቴ ማስገባት አለባችሁ፤ በጥድፊያ ጊዜ ሁለተኛው ግማሽ የሚገባበትን ቦታ መፈለግ ራሱ ጊዜ ይበላል።

የእኔ ፍርድ፦ ለውድድር ሙሉውን፣ ዝም ብሎ ኢላማ ለመተኮስ ግማሹን። ሁለት ጥይት የሚይዙትን ለተጠባባቂነት ብቻ።

ሦስተኛው መንገድ፦ ከንፈር የተሠራለት .45

እ.ኤ.አ. በ1920 ፒተርስ የተባለው የጥይት ፋብሪካ .45 ኦቶ ሪም የሚባለውን አወጣ። .45 ኤሲፒ ማለት ነው፣ ወፍራም ከንፈር የተጨመረለት። ከንፈሩ ወደ 2.3 ሚሊሜትር ይወፍራል፤ የ.45 ኮልቱ 1.5 አካባቢ ነው። ይህን ያህል የወፈረው በምክንያት ነው። ለክሊፕ በተሠሩ ሽጉጦች ከሲሊንደሩ ጀርባ ለክሊፑ የተተወ ክፍተት አለ። ያንን ክፍተት የሚሞላው ይህ ከንፈር ነው።

ቀስ ብሎ አንድ በአንድ ለሚተኩስ ሰው ኦቶ ሪም ትልቅ እረፍት ነው። ክሊፕ መሙላት የለም፣ ማውለቅ የለም፣ መጣመም የለም። ችግሩ ጥይቱ እንደ .45 ኤሲፒ በየቦታው አለመገኘቱ ነው። ቀለህ ሰብስቦ እንደገና የሚሞላ ሰው ከሆናችሁ ግን አስቡበት። እኔ ለትክክለኛነት ልምምድ የማወጣው እሱን ነው።

ብረት ወይስ ፕላስቲክ፣ እና የሁሉም ነገር ቁልፍ፦ ቀለሁ

ክሊፖች ከሞላ (ስፕሪንግ) ብረት፣ ከማይዝግ ብረትና ከፕላስቲክ ይሠራሉ። የሞላ ብረቱ ሲጎብጥ ወደ ቦታው የመመለስ ባሕርይ አለው፤ ያላግባብ ካልተያዘ ብዙ ዘመን ያገለግላል። ዘይት ካልተቀባ ግን ይዝጋል። የማይዝገው ለእርጥበት ጥሩ ነው፤ አንዳንዱ ግን ለስለስ ስለሚል ከጎበጠ ጎበጠ ነው። ፕላስቲኩ ያለ ምንም መሣሪያ በጣት ይሞላል፣ በጣት ይወልቃል። ጣቱ የሚያመው ወይም ገና የሚጀምር ሰው ይወደዋል። አይጣመምም፣ ግን ጥርሱ እየላላ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ይሰበራል። ጥይቶቹን ላላ አድርጎ ስለሚይዝም ስታስገቡ ይወዛወዛሉ።

እዚህ ድረስ ያለው ቀላሉ ነው። ሰው ሁሉ የሚዘነጋው የቀለሁን ቦይ ነው። ሁሉም .45 ኤሲፒ ነው ቢባልም የአንዱ ፋብሪካ ቦይ ከሌላው ይጠልቃል፣ ወይም ይሰፋል። ቦዩ ጥልቅ ከሆነ ጥይቱ ክሊፑ ላይ ይንቀጠቀጣል። ቦዩ ጠባብ ከሆነ በግድ ስትጨምሩት ክሊፑን ያጣምመዋል። ለ.45 የሚሠሩ ክሊፖች ብዙዎቹ ወደ 0.9 ሚሊሜትር ውፍረት አላቸው፤ ትንሽ ወፈር ያሉም አሉ። የአንድ አሥረኛ ሚሊሜትር ልዩነት ብዙ አትመስልም። እጃችሁ ግን ወዲያው ይለያታል።

ስለዚህ የምመክረው ይኸውና። መጀመሪያ አንድ ዓይነት ቀለህ ምረጡ። ከታች የተጻፈው የፋብሪካ ስም አንድ ይሁን። ከዚያ ከሁለት ሦስት ዓይነት ክሊፕ ጥቂት ጥቂት ወስዳችሁ በዚያ ቀለህ ሞክሩ። ጥይቱ በቀላሉ ገብቶ “ጠቅ” ብሎ ተቀምጦ በጣት ስትነኩት ትንሽ ብቻ የሚንቀሳቀስበት ክሊፕ የእናንተ ነው። ጨርሶ የማይንቀሳቀስም ጥሩ አይደለም፤ ጥይቶቹ ቀዳዳቸውን ለማግኘት ትንሽ ነጻነት ይፈልጋሉ። ከዚያ ብዙ ግዙ። ቀላቅሎ መጠቀም የጣጣ ሁሉ መጀመሪያ ነው።

10 ሚሊሜትር ሪቮልቨር ያላችሁ፣ እንደ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 610 ያለ፣ አንድ ጥቅም አላችሁ። .40 ኤስ ኤንድ ደብሊውም በዚያው ክሊፕ ይያዛል፣ በዚያው ሽጉጥም ይተኮሳል። የሁለቱ ቀለሆች ታች አንድ ዓይነት ነው። ልምምዱን በለስላሳው .40 ማድረግ ይቻላል።

የተጣመመውን እንዴት እንለያለን?

እኔ ማታ ማታ እንዲህ አደርጋለሁ። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ሁለቴ አያለሁ። ጥይት የሚባል ነገር ከጠረጴዛው አነሳለሁ። ባዶውን ክሊፕ መስታወት ላይ አስቀምጬ በጣቴ ጠርዙን ዙሪያውን እጫናለሁ። ከተነቃነቀ ወይም “ቲክ ቲክ” ካለ ተጣሟል። ቀጥሎ የተተኮሱ ስድስት ባዶ ቀለሆች ሞልቼ ሲሊንደሩ ውስጥ አስገባና እዘጋለሁ። ቃታውን በጣም ቀስ ብዬ እየሳብኩ ከመብራት ፊት ለፊት በሲሊንደሩና በጀርባው ግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት አያለሁ። ብርሃኑ በስድስቱም ላይ እኩል መታየት አለበት። አንዱ ጋ ከጠበበ፣ ወይም ጣቴ አንዱ ጋ ከበድ ያለ ነገር ከተሰማው፣ ያ ክሊፕ ለውድድር አይሄድም።

የተጣመመ ክሊፕ የሚያመጣው መዘዝ ሁለት ነው። አንዱ እኔን ያጋጠመኝ ነው፣ ሲሊንደሩ ይቆማል። ሁለተኛው የባሰ ተንኮለኛ ነው። ሲሊንደሩ ይዞራል፣ ግን ጥይቱ ወደ ፊት ሸሽቶ ይቀመጥና መርፌው በደንብ አይመታውም። ጥይቱ ይከሽፋል። ሰውየው ጥይቱን ይጠረጥራል፣ ከዚያ የመምቻውን ሞላ ያስቀይራል፣ ገንዘቡን ያወጣል። ጥፋተኛዋ ብረት ግን ኪሱ ውስጥ ናት። ክሊፕን በፒንሳ አቃንቶ ወደ ሥራ መመለስ ይቻላል የሚሉ አሉ። እኔ አልመልስም። ያለ ጥይት ለሚደረግ ልምምድ አስቀምጣታለሁ።

ከንፈር ላለው ጥይት፦ ስፒድ ሎደር ወይስ ሲሊንደር ማስቆረጥ?

.44 ማግነም ወይም .45 ኮልት የሚተኩስ ሰው ክሊፕ የግድ አያስፈልገውም። ስፒድ ሎደር አለለት፤ ጥይቶቹን በክብ ይዞ አንድ ላይ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚለቅ መያዣ ነው። በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ከላይ ያለውን እጀታ ጠምዝዘው ጥይቱን የሚለቁበት ነው፤ እጀታው ካልተጠመዘዘ ስለማይለቅ ኪስ ውስጥ ተጥሎ ቢውልም አይበተንም። ሌላው መሐሉ ከማውጫው ኮከብ ጋር ሲጋጭ ራሱ የሚለቅ ነው፤ ይፈጥናል፣ ግን ለሁሉም የሽጉጥ ዓይነት አይሠራም። ለውድድር ሁለተኛውን፣ ለጉዞ አንደኛውን እመርጣለሁ።

ከላስቲክ የሚሠራው ጠፍጣፋ ስትሪፕም አለ። ሁለት ሁለት እያደረጉ ነው የሚያጎርሱበት። ፍጥነት የለውም። የተተኮሱትን ብቻ ለመተካት ግን ከእሱ የሚሻል አላየሁም።

ለአደን ትልልቆቹን፣ .454 ካሱልን ወይም አምስት ጥይት ብቻ የሚይዘውን .500 ኤስ ኤንድ ደብሊው ማግነምን፣ የሚይዝ ሰው ስለ ፍጥነት ባይጨነቅ ይሻለዋል። እዚያ ዋጋ ያለው የመጀመሪያው ጥይት ነው። በቆዳ ዝናር ላይ የተሰካ ጥይት አንድ በአንድ ማጉረስ ይበቃዋል።

አንዳንዱ ሰው ከንፈር ያለውን ጥይት በክሊፕ ለመጠቀም ለክሊፑ ቦታ እንዲሆን የሲሊንደሩን ጀርባ ያስቆርጣል። እንደ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 627 ያሉ ስምንት ጥይት .357 የሚይዙ ከፋብሪካ ተቆርጠው ይመጣሉ፤ ጥይቱ የራሱ ከንፈር ስላለው በክሊፕም ያለ ክሊፕም ይሠራሉ። ይህ ከሁሉም የሚመቸው አማራጭ ነው። ነባር ሽጉጥን ማስቆረጥ ግን ሌላ ነገር ነው። የተቆረጠ ብረት አይመለስም። የሚሠራው ሙያውን በደንብ የሚያውቅ መሣሪያ ጠጋኝ መሆን አለበት። ቤት ውስጥ በሞረድ የሚሞከር አይደለም። ከመቁረጣችሁ በፊት የምትወዳደሩበት ምድብ ክሊፕ መፍቀዱን ጠይቁ። አንዳንድ የሪቮልቨር ምድቦች ስፒድ ሎደር ብቻ ነው የሚቀበሉት።

ሁለቱንም የሚያጣምሩ ሽጉጦችም አሉ። የሩገር ሬድሃውክ አንዱ ሞዴል .45 ኮልትን እንዲሁ፣ .45 ኤሲፒን ደግሞ በክሊፕ ይተኩሳል። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ገቨርነርም እንዲሁ፣ .410 የሾትገን ጥይት ተጨምሮበት። አንድ ሽጉጥ ብቻ ልግዛ ለሚል ሰው ይህ ሰፊ ምርጫ ነው።

አሮጌ ዌብሊ ካላችሁ ይህን አንብቡ

ብዙ የእንግሊዝ ዌብሊ ሪቮልቨሮች መጀመሪያ የተሠሩት ለ.455 ነው። ኋላ ላይ የብዙዎቹ ሲሊንደር ከኋላ ተላጭቶ .45 ኤሲፒ በግማሽ ጨረቃ እንዲቀበል ተደረገ። ጥይቱ ይገባል፣ ይተኮሳልም። ግን የፋብሪካ .45 ኤሲፒ ጫና እስከ 21,000 ፒ.ኤስ.አይ (የጫና መለኪያ ነው) ሊደርስ ይችላል፤ .455 ከዚያ በጣም ያንሳል። ያ አሮጌ ብረት ለዚህ አልተሠራም። ገባ ማለት ይችላል ማለት አይደለም። እባካችሁ በዚህ አትቀልዱ። እንዲህ ያለ ሽጉጥ ካላችሁ ለባለሙያ ሳታሳዩ አንድም ጥይት አትተኩሱበት።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች፣ የማያስፈልጉም

መጀመሪያ የሚገዛው ማውለቂያ ነው። ጫፉ ተቆርጦ ጥርስ የወጣለት ቱቦ ነው። ቀለሁ ላይ ታጠልቁትና ትጠመዝዙታላችሁ፣ ቀለሁ ይወልቃል። ክሊፖች የሚጣመሙት አብዛኛውን ጊዜ ሲተኮሱ አይደለም፤ በጣት ተጎትተው ሲወልቁ ነው። ማውለቂያ ከሌላችሁ ፕላስቲክ ክሊፕ ይሻላችኋል። ካቻቪቴ አስገብታችሁ አትጎርጉሩ፤ በተለይ ያልተተኮሰ ጥይት ካለበት። የጥይቱ ቂጥ ላይ ያለችውን ፕራይመር ምንም ሹል ነገር መንካት የለበትም። ያልተተኮሰ ስታወልቁ መነጽር አድርጉ።

መሙያ ሁለተኛ ነው። በሳምንት ሃምሳ ጥይት ለሚተኩስ ሰው ጣቱ ይበቃዋል። መቶዎችን ለሚተኩስ ግን ስድስቱን በአንድ ግፊት የሚያስገባው ባለ ዘንግ መሙያ ጣትንም ክሊፕንም ያድናል።

መያዣውን በተመለከተ፣ የተሞላ የ.45 ክሊፕ ከ120 ግራም በላይ ይመዝናል። አራት አምስቱ ቀበቶ ላይ ሲሆኑ ይከብዳሉ። በማግኔት ወይም በመሐል ዘንግ የሚይዘው መያዣ ለውድድር ጥሩ ነው፤ ክሊፑን ጎትቶ ማውጣት ብቻ ነው። ለእግር ጉዞ ግን ክዳን ያለው ኪስ ምረጡ። ክሊፕን እንዲሁ ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አትጨምሩ።

የሽጉጡን እጀታም እዩት። በግራ በኩል ያለው የእጀታው ጫፍ ወፍራም ከሆነ የሚገባውንም የሚወጣውንም ይነካል። ስፒድ ሎደር የምትጠቀሙ ከሆነ እዚያ በኩል የተላጨ እጀታ የግድ ነው። የቀዳዳዎቹን አፍ ትንሽ ማስሞረድም ይረዳል፤ እሱም የባለሙያ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ዕቃ አይደለም ግን እዚህ ይገባል። ቀላል ክብደት ባለው ሪቮልቨር ለአውቶማቲክ የተሠራ ጥይት ስትተኩሱ በርግጫው ምክንያት ያልተተኮሱት አረሮች ከቀለሃቸው እየተሳቡ ሊወጡ ይችላሉ። በጣም ከወጡ አናታቸው ከሲሊንደሩ አልፎ መሽከርከሩን ያግዳል። አዲስ ዓይነት ጥይት ስትሞክሩ አምስት ተኩሱና ስድስተኛውን አውጥታችሁ ርዝመቱን በካሊፐር ለኩ። ከመተኮሱ በፊት ከነበረው ከረዘመ ያ ጥይት ለዚያ ሽጉጥ አይሆንም።

ለማን የቱ?

.45 ኤሲፒ ወይም 10 ሚሊሜትር ከሆነ ጥይታችሁ፣ ውድድርም ከወደዳችሁ፣ የሞላ ብረት ሙሉ ጨረቃ፣ አንድ ዓይነት ቀለህ፣ ጥሩ ማውለቂያ። ሃያ ክሊፕ ያህል ቢኖራችሁ ይበቃል። ኢላማ በእርጋታ የምትተኩሱ ከሆነ ኦቶ ሪም ወይም ግማሽ ጨረቃ። ጀማሪ ከሆናችሁ ፕላስቲክ፣ እጃችሁ እስኪለምድ። .44 ማግነምና ከዚያ በላይ ከሆነ ስፒድ ሎደርና ዝናር፣ ሲሊንደር ሳታስቆርጡ። .357 ባለ ስምንት ልትገዙ ካሰባችሁ ከፋብሪካው የተቆረጠውን ግዙ።

ክሊፖቻችሁን ቁጥር ጻፉባቸው። በማይለቅ ቀለም ከ1 እስከ 20። አንድ ቀን ቃታው ሲከብድባችሁ ሽጉጡን ከመፍታታችሁ በፊት ቁጥሩን እዩ። እኔ ጋ 7 ቁጥር ሦስት ጊዜ ተያዘች። አሁን መሳቢያ ውስጥ ናት።